የባሕርን ከፍታ ከጠፈር የምትለካው ሴንቲኔል-6ቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዳሎል አካባቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ግን ተራራውንም ረባዳውንም የምንለካበት ያ «ባሕር ጠለል» ራሱ ባለበት ረግቶ የሚቆይ ነገር አይደለም። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፍ አማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር የቻልነው እርስ በርስ እየተተካኩ አንድ መንገድ በሚመላለሱ ሳተላይቶች አማካይነት ነው። ተራው አሁን የሴንቲኔል-6ቢ ነው። ስለ እርሷ ብዙ ጊዜ የሚነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

ሴንቲኔል-6ቢ ምንድን ናት?

በዋናነት የውቅያኖስን ከፍታ ለመለካት የተሠራች ሳተላይት ናት። ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ፣ ካሊፎርኒያ ከሚገኘው የቫንደንበርግ ጣቢያ በፋልከን 9 ሮኬት ተወነጨፈች። በዚያ አገር ገና የዋዜማው ምሽት ነበር። የተሠራችው ጀርመን ውስጥ፣ በፍሪድሪሽስሃፈን ከተማ በሚገኘው የኤርባስ ፋብሪካ ነው። ክብደቷ 1.2 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ቅርጿ ግራና ቀኝ ያዘነበለ የቆርቆሮ ጣሪያ ይመስላል፤ ጣሪያው ላይ ግን በቆርቆሮ ፋንታ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ሰሌዳዎች ተነጥፈውበታል።

ባለቤቷ አንድ አገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት፣ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ፣ የአውሮፓ የሚቲዮሮሎጂ ሳተላይቶች ድርጅት ኢዩሜትሳት፣ የአሜሪካዎቹ የጠፈር ድርጅት ናሳ እና የውቅያኖስና የአየር ጠባይ ድርጅት ኖአ ተባብረው ያመጠቋት ናት፤ የፈረንሳይ የጠፈር ኤጀንሲም በሙያ ያግዛል። የዕለት ተዕለት በረራዋን የሚቆጣጠረው ጀርመን ውስጥ ዳርምሽታት ከተማ የሚገኘው ኢዩሜትሳት ነው።

ከ1,336 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ሴንቲ ሜትርን እንዴት ትለያለች?

ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስገርማቸው ይህ ነው፤ መገረማቸውም ትክክል ነው።

ሳተላይቷ ፖሲዶን-4 የተባለ ራዳር ይዛለች። ራዳሩ ቁልቁል የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ደርሶ መልስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ያንሳል። ያ ጊዜ በብርሃን ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲከፈል በሳተላይቷና በባሕሩ መካከል ያለው ርቀት ይገኛል። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። ፈተናው ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው።

አንደኛው ፈተና አየሩ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተን ሞገዱን ትንሽ ያዘገየዋል። በሐሩር ክልል ይህች መዘግየት ባሕሩን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ አስመስላ ልታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ሳተላይቷ ከራዳሩ ጎን የውኃውን ተን ብቻ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ይዛለች፤ ይህን ያዘጋጀው ናሳ ነው። መዘግየቱ ታውቆ ከልኬቱ ይታረማል። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር ክፍልም ሞገዱን ያዘገያል። ለዚህ ሲባል ራዳሩ በሁለት የተለያዩ የሞገድ ዓይነቶች ይልካል፤ ሁለቱ እኩል ስለማይዘገዩ ከልዩነታቸው ማረሚያው ይገኛል።

ሁለተኛው ፈተና ሳተላይቷ ራሷ የት እንዳለች ማወቅ ነው። የምትለኩበትን ዘንግ ጫፍ ሳታውቁ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ቦታዋ በሦስት መንገድ ይረጋገጣል፦ ከጂፒኤስና ከመሰሎቹ በሚመጣ ምልክት፣ ከምድር በሚላክ የሌዘር ጨረር፣ እንዲሁም ዶሪስ በተባለ የሬዲዮ ጣቢያዎች መረብ። ከዶሪስ ጣቢያዎች አንዱ ጎረቤታችን ጅቡቲ ነው። በሦስቱ ጥምረት የሳተላይቷ ከፍታ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ይታወቃል። እርሷ ግን በዚያ ቅጽበት በሰከንድ 7.2 ኪሎ ሜትር እየበረረች ነው።

ተመላሹ ሞገድ ሌላም ወሬ ይዞ ይመጣል። ባሕሩ የረጋ ከሆነ ምልክቱ ስል ሆኖ፣ ማዕበል ካለበት ተለጥጦና ደብዝዞ ይመለሳል፤ ከዚህ የማዕበሉ ቁመት ይሰላል። ከምልክቱ ጥንካሬ ደግሞ ባሕሩ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ፍጥነት ይታወቃል።

ባሕር ዝርግ ነው አይደል? ታዲያ ምኑ ይለካል?

ዝርግ አይደለም። ምድር በሁሉም ስፍራ እኩል አትስብም፤ ከሥር ከባድ ዐለት ባለበት ውኃው ይከማቻል፣ በሌለበት ይጎደጉዳል። ከስሪላንካ በስተደቡብ ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ከምድር አማካይ ቅርጽ አንጻር ሲታይ 106 ሜትር ያህል ጎድጓዳ ነው። መርከበኛ በዚያ ሲያልፍ ቁልቁለት መውረዱ ፈጽሞ አይታወቀውም፤ የስበቱ አቅጣጫም አብሮ ስለሚያዘነብል ውኃው በእርሱ ዘንድ ረግቶ የተኛ ነው።

በዚህ ቋሚ ጉድጓድና ጉብታ ላይ ደግሞ በየቀኑ የሚለዋወጥ ትንሽ ከፍታና ዝቅታ አለ። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የሚፈሰው የባሕረ ሰላጤው ጅረት በአንድ ጎኑ ከሌላው ጎን 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሞቃት ውኃ የተከማቸበት ስፍራ ያብጣል፤ ቀዝቃዛው ይቀመጣል። የባሕር ጅረቶችን አካሄድ፣ የሙቀትን ክምችትና ጉዞ የምናነበው ከእነዚህ ትናንሽ ልዩነቶች ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ በድንገት የበረታችው ጥልቅ ሞቃት ውኃ ላይ ስላለፈች ነበር፤ ያ ሙቀት በባሕሩ እብጠት መልክ በሳተላይት ልኬት ላይ ይታይ ነበር።

የባሕር ጠለል ለምን ከፍ ይላል?

በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የታወቀ ነው፦ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ፣ የተራሮችም ግግር ቀልጦ ወደ ባሕር ይገባል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ውኃ ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል። ጀበና ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አንገቱ መጀመሪያ ድረስ ሞልታችሁ እሳት ላይ ጣዱትና፣ ገና ሳይፈላ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ተመልከቱ። ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ይላል። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ትንሿ ጭማሪ በግልጽ ትታያለች። ውቅያኖስም እንዲሁ ነው፤ የሰው ልጅ ወደ አየር በለቀቃቸው ጋዞች ምክንያት ምድር ላይ ከቀረው ትርፍ ሙቀት ከመቶ ዘጠና እጁን የዋጠው ባሕር ነው።

በቅርብ ዓመታት ከጭማሪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከቀለጠ በረዶ፣ አንድ ሦስተኛው ከሙቀት መስፋፋት ይመጣ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን ነገሩ ተገለበጠና ትልቁን ድርሻ ሙቀቱ ወሰደው። በዚያ ዓመት ጭማሪው 0.59 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተመዘገበ፤ ናሳ የጠበቀው 0.43 ነበር። ፍጥነቱም አድጓል፦ በ1993 እ.ኤ.አ. በዓመት 2.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ደርሷል።

በየወደቡ የተተከለ መለኪያ አይበቃም ነበር?

ጠቃሚ ነው፤ አንዳንዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። ግን የሚለካው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ የተተከለበት መሬት ራሱ ሲሰጥም ወይም ሲነሣ ደግሞ ባሕሩ የተንቀሳቀሰ ያስመስላል። ሳተላይቷ በየ10 ቀኑ ከበረዶ ነጻ የሆነውን ውቅያኖስ ዘጠና አምስት በመቶ ታዳርሳለች። ሁለቱ አይተካኩም፤ የወደቡ መለኪያ የሳተላይቷን ልክነት ለመፈተን ያገለግላል።

ከእርሷ በፊት የነበረችው በደኅና እየሠራች እያለ ሌላ ማምጠቅ ለምን አስፈለገ?

እኔ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሥራው ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

እህል ነጋዴ አዲስ ሚዛን ሲገዛ አሮጌውን ወዲያው አይጥልም። አንዱን ኩንታል ጤፍ መጀመሪያ በአሮጌው ይመዝናል፣ ያንኑ ኩንታል መልሶ በአዲሱ ይመዝናል። ልዩነት ካለ ያውቀዋል፤ የትናንቱ ሒሳብና የነገው ሒሳብ ይገናኛሉ። አሮጌው ከተሰበረ በኋላ አዲስ ቢገዛ ግን ልዩነቱን ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም።

ሳተላይቶቹም የሚያደርጉት ይህንን ነው። ቀዳሚዋ ሴንቲኔል-6 ማይክል ፍሬሊሽ በ2020 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ላይ መጠቀች፤ ስሟን ያገኘችው በዚያው ዓመት ካረፉት የናሳ የመሬት ሳይንስ ክፍል የቀድሞ ኃላፊ ነው። ሴንቲኔል-6ቢ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይዛ ከታላቅ እህቷ በ30 ሰከንድ ልዩነት ትከተላለች። በ30 ሰከንድ ውስጥ ባሕሩ አይለወጥም፤ ስለዚህ በሁለቱ ልኬት መካከል ልዩነት ከታየ ልዩነቱ የመሣሪያው ነው። በዕቅዱ መሠረት ይህ አብሮ መብረር አንድ ዓመት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሳተላይቶች ሁሉ የሚመሳከሩባት ዋና ሳተላይት ሴንቲኔል-6ቢ ትሆናለች።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ባሕሩ በዓመት በአማካይ የሚጨምረው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። በርክክቡ ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ሳይታወቅ ቢያልፍ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ጭማሪ ይጠፋል፣ ወይም ያልነበረ ጭማሪ ይፈጠራል። ይህ በሥራ ላይም ታይቷል። የሰንሰለቱ መጀመሪያ የሆነችው ቶፔክስ/ፖሲዶን በ1992 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር መጠቀች። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ገደማ መሣሪያዋ በጣም ቀስ እያለ ከልኩ ይንሸራተት ነበር። ጉዳዩ በሚገባ ተመርምሮ እስኪታረም ድረስ የባሕሩ ጭማሪ በቋሚ ፍጥነት የሚሄድ ይመስል ነበር። እርማቱ ሲደረግ ግን ፍጥነቱ ራሱ እያደገ መሆኑ ገሃድ ወጣ። ያ ልኬት ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊታረም የቻለው ማስረጃው ሳይቋረጥ ስለተያዘ ነው።

ከቶፔክስ በኋላ ጄሰን-1 በ2001፣ ጄሰን-2 በ2008፣ ጄሰን-3 በ2016 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። አንዷም ስትሄድ ተተኪዋ ቀድማ ደርሳለች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ክሩ አልተበጠሰም። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ በጀት ተቀንሷል፣ ኩባንያዎች ተሸጠዋል፤ ይህ ሥራ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እኔ በጣም ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። እኛን ምን ይመለከተናል?

ዝናባችን ከባሕር ነው የሚመጣው። ለገበሬው ይህ ከወደብ ጥያቄ በፊት ይቀድማል።

በተለመደው ጊዜ የሰላማዊ ውቅያኖስ ነፋስ ሞቃቱን ውኃ ወደ ኢንዶኔዢያ ይገፋዋል፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ከኢኳዶር በኩል በግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ነፋሱ ሲደክም ያ የተቆለለ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። መመለሻው በምድር ወገብ ላይ የሚጓዝ ሰፊ እብጠት ነው፤ ቁመቱ ከአሥር እስከ ሃያ ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። መርከብ ላይ ያለ ሰው አያየውም። ሳተላይት ግን ታየዋለች፤ ደቡብ አሜሪካ ለመድረስም ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ኤል ኒኞ የምንለው ነገር እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ኤል ኒኞ ሲበረታ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የምናስታውስ ብዙ ነን፤ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ወደ ኋላ ሄደን የአፄ ምኒልክ ዘመኑን ክፉ ቀን ብናነሣም፣ ከከብት እልቂቱ ጋር የተደረበውን ድርቅ የአየር ንብረት ታሪክ አጥኚዎች ከብርቱ ኤል ኒኞ ጋር ያያይዙታል። የዚያን ዘመን ሰው ያወቀው ሰማዩ መዘጋቱን ብቻ ነበር።

የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ሚዛን አለው። ምዕራባዊው ጎኑ፣ ማለት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው፣ ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ በደቡብና በምሥራቅ ቆላዎቻችን የበልግ ሳይሆን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ይበረታል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሆነው ይኸው ነው፦ በሶማሌ ክልል ጎርፍ ሆነ፣ የረጠበው በረሃም ለበረሃ አንበጣ ምቹ መራቢያ ሆነለት።

ሁለተኛው ጉዳይ ወደብ ነው። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የባሕሩ ጠለል ከፍ ሲል ወደቡ የሌላ አገር ቢሆንም ስንዴውና ነዳጁ የእኛ ነው።

ሦስተኛው ሐይቅ ነው። የሳተላይቷ መንገድ የሚያቋርጠው ሐይቅ ከሆነ ራዳሩ የእርሱንም ከፍታ ይለካል። የጣና ሐይቅ ከፍታ በዚህ ዓይነት ልኬት ሲጠና ቆይቷል።

እንግዲህ ድርቅን ትተነብያለች ማለት ነው?

አይደለም። የምታደርገው ባሕሩ ዛሬ ምን እንደሚመስል መናገር ነው። ትንበያውን የሚሠሩት ይህን ልኬት ከሌላው ጋር አጣምረው በኮምፒውተር የሚያሰሉት ማዕከላት ናቸው። የባሕሩ የዛሬ ሁኔታ በትክክል ካልታወቀ ግን የወራት ትንበያ ከግምት አይዘልም።

ባሕር ውስጥ ያለውን ታያለች? ዓሣስ?

ራዳር ውኃ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ የምታየው ገጹን ብቻ ነው። የውስጡን ሙቀትና ጨዋማነት የሚለኩት አርጎ የተባሉት 4,000 ገደማ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ናቸው፤ 2,000 ሜትር ድረስ ሰምጠው እየተመለሱ መረጃቸውን በሳተላይት ይልካሉ። ጄሰን በግሪኮች ተረት የመርከበኛው ስም፣ አርጎ የመርከቡ ስም ነው፤ ስማቸውን የሰጧቸው ሰዎች አብረው እንዲሠሩ አስበው ነው። የዓሣ መኖ መነሻ የሆኑትን ጥቃቅን ዕፀዋት በባሕሩ ቀለም የምትከታተለው ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የናሳ ሳተላይት ፔስ ናት።

ኢትዮጵያ ያመጠቀቻት ሳተላይት ይህን መሥራት ትችል ነበር?

አትችልም፤ ለዚያም አልተሠራችም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውና ከእንጦጦ ትታዘዝ የነበረችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሥራዋ መሬትን በካሜራ ማንሣት ነበር። ካሜራ የውኃን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አይለካም።

ስዎት ከተባለችው ሳተላይት በምን ትለያለች?

ሴንቲኔል-6ቢ የምትለካው ከበታቿ ባለው አንድ መስመር ላይ ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ስዎት 10 ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት አንቴናዎች ስላሏት 120 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጎዳና ጠርጋ ትለካለች፤ ወንዞችንም ትለያለች። ይሁን እንጂ የረጅም ዘመን መመሳከሪያነቱ የሴንቲኔል-6 ነው። አንዷ በዝርዝር ትሥላለች፣ ሌላዋ መለኪያውን ትጠብቃለች።

ቀጥሎስ ማን ይመጣል?

በአውሮፓ ዕቅድ ውስጥ ሴንቲኔል-3ሲ አለች፤ የባሕርን ከፍታ፣ ሙቀትና ቀለም አንድ ላይ የምትለካ ናት። ክሪስታል የተባለችው ደግሞ የዋልታዎቹን በረዶ ውፍረት ለመለካት እየተሠራች ነው። ይህችኛዋን በጉጉት እጠብቃታለሁ፤ ሴንቲኔል-6ቢ ከ66 ዲግሪ ወዲያ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም አትሻገርምና፣ የዋልታዎቹ ባሕር ለእርሷ የተዘጋ ነው።

መረጃውን ማግኘት ይቻላል? ክፍያ አለው?

ክፍያ የለውም። በኢዩሜትሳትና በናሳ የመረጃ ማከማቻዎች ተመዝግቦ ማውረድ ይቻላል። ለጀማሪ የምመክረው ግን የአውሮፓ ኅብረት የኮፐርኒከስ የባሕር አገልግሎት ነው፤ የብዙ ሳተላይቶች ልኬት ተዋሕዶ በካርታ መልክ ስለሚቀርብ ምንም ፕሮግራም ሳይጭኑ በድረ ገጹ ላይ መመልከት ይቻላል። ጥሬውን መረጃ ለሚፈልግ ተማሪ ፋይሎቹ ኔትሲዲኤፍ በሚባል ዓይነት የተቀመጡ ናቸው፤ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በጥቂት መስመር ይከፍታቸዋል። መጀመሪያ የ2015ን እ.ኤ.አ. የሰላማዊ ውቅያኖስ ልኬት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ በየወሩ አውርዱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ እብጠቱ በምድር ወገብ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።